አርባዎቹ ፒኖች፤ የካምብሪጅ የጉዞ ማስታወሻ

ካምብሪጅ የሄድኩት አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር በተወለደችበት ከተማ ገዝቼ እዚያው ላስነሳት ነው። እህቴ እዚያ ስለምትኖር ማረፊያ አላሳሰበኝም። ሊኑክስን በሥራዬ ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን በሩቁ ነው። ሰርቨሩ የሆነ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ትእዛዝ እጽፋለሁ፣ መልሱ በፊደል ይመጣል። የጻፍኩት ነገር ከስክሪኑ አልፎ መብራት ሲያበራ ወይም የአየሩን ሙቀት ሲለካ አይቼ አላውቅም ነበር። ልገዛት የሄድኩት ራስቤሪ ፓይ ግን ጠርዟ ላይ አርባ ፒኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ሽፋን የላቸውም፤ የፈለገ ሰው ሽቦ ይሰካባቸዋል። ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ የተነሳው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላው ካምብሪጅ ይገባል። ከጣቢያው ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ብስክሌት ነው፤ አጥሩ ላይ ብስክሌት፣ ምሰሶው ላይ ብስክሌት፣ መንገዱን የሞላው ብስክሌት። ጎብኚው ወደ ኪንግስ ኮሌጅ ጸሎት ቤትና በካም ወንዝ ላይ በረጅም እንጨት እየተገፉ ወደሚሄዱት ጀልባዎች ይጎርፋል። እነሱን ለሌላ ቀን አቆይቼ በቀጥታ ያመራሁት ግራንድ አርኬድ ወደሚባለው የገበያ ማዕከል ነበር። ራስቤሪ ፓይ የራሷን መደብር እዚያ የከፈተችው በ2019 ነው። ከልብስና ከጫማ ሱቆች ጋር ጎን ለጎን፣ መስኮቱ ላይ ባዶ ቦርድ የተሰቀለበት ሱቅ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሻጩ ወጣት ለምን እንደምፈልጋት ጠየቀኝ። ፒኖቹን ልሠራባቸው ነው ስለው ፊቱ በራ፤ ከመደርደሪያው ብሬድቦርድ፣ ጃምፐር ሽቦዎች፣ ኤልኢዲ የሚባለውን ትንሽ መብራትና ሬዚስተር እያወጣ አጠገቧ ደረደረልኝ።

የገዛኋት አምስተኛዋን ትውልድ ነው። ርዝመቷ 85 ሚሊሜትር፣ ወርዷ 56 ሚሊሜትር ነው፤ መዳፌ ላይ አስቀምጬያት ጣቶቼ ዙሪያዋን ያዟት። መካከሏ ላይ ዋናው ፕሮሰሰር አለ፤ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ የሚመቱ አራት ኮሮች የያዘ ነው። ከእሱ ራቅ ብሎ የእንጆሪዋ ምልክት የታተመበት ሌላ ቺፕ ተቀምጧል፤ አርፒ ዋን ይባላል፣ ንድፉ የራሳቸው ነው። አርባዎቹ ፒኖች የሚገናኙት ከዚህኛው ጋር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዚህች ቦርድ ታሪክ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው ነው። ኤበን አፕተን በሴንት ጆንስ ኮሌጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርትን ይመራ ነበር። ለመግባት የሚያመለክቱት ልጆች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ፣ የሚመጡትም ከዚህ ቀደም የነበሩት ያውቁት የነበረውን ሳያውቁ እየመጡ መሆናቸውን እሱና ባልደረቦቹ አስተዋሉ። ምክንያቱን ፈልገው አገኙት። በ1980ዎቹ ያደገው ልጅ ኮምፒውተሩን ሲያበራው ከፊቱ የሚጠብቀው ፕሮግራም መጻፊያ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደገው ልጅ ያገኘው የተዘጋ የጨዋታ ሳጥንና ቤተሰቡ "እንዳታበላሸው!" የሚለውን ውድ ፒሲ ነው። አፕተን በ2006 በተቦረቦረ ሰሌዳ ላይ በእጁ እየበየደ የመጀመሪያውን ሙከራ ሠራ። ሐሳቡን ከሮብ ማሊንስ፣ ከጃክ ላንግ፣ ከአላን ማይክሮፍት፣ ከፒት ሎማስና ከዴቪድ ብሬበን ጋር ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት አሳደጉት። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ቦርዷ በ35 ዶላር ለሽያጭ ስትቀርብ የመጀመሪያው ዙር 10,000 ፍሬ ነበር። ፈላጊው ስለበዛ የአከፋፋዮቹ ድረ ገጾች መሸከም አቃታቸው። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ዌልስ ውስጥ ፔንኮይድ በሚገኘው የሶኒ ፋብሪካ ትመረታለች፤ በ2024 ኩባንያው ለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲገባ የተሸጠው ቁጥር ከ60 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ለልጆች ተብላ የተሠራችው ፋብሪካ ገባች፣ ቤተ ሙከራ ገባች፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ሁለቱ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጡ።

እህቴ ቤት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተለቀቀልኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ማይክሮቢት የምትባለውን ሌላ ትንሽ ቦርድ ትምህርት ቤት ነክታለች፤ ስለዚህ ሽቦ አያስፈራትም።

"አጎቴ፣ ይቺ ግን ሙሉ ኮምፒውተር ናት አይደል?"

"ሙሉ ናት። እኔ መሥሪያ ቤት የምሠራባቸው ሰርቨሮች ላይ ያለው ሊኑክስ ነው እሷም ላይ የሚነሳው።"

እውነትም ነው፤ እኔንም የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። ሥርዓቱ ራስቤሪ ፓይ ኦኤስ ይባላል፤ መሠረቱ ዴቢያን ነው። ዝግጅቱ ቀላል ስለሆነ ብዙ አላወራበትም። ኢሜጀር የሚባለውን ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ከፍተህ የቦርዱን ዓይነትና ሥርዓቱን ትመርጣለህ፤ ለማሽኑ ስም፣ ለራስህ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ትሰጣለህ፤ የዋይፋዩን ታስገባለህ፤ ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች መግባት እንዲቻል ትፈቅዳለህ። ከዚያ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ይጽፈዋል። ድሮ ሁሉም ቦርድ አንድ ዓይነት መግቢያ ስምና አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይዞ ነበር የሚመጣው። በኤፕሪል 2022 ያ ቀርቶ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን እንዲያወጣ ተደረገ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቁልፍ በሩን ከመክፈት ሌላ ጥቅም የለውም።

ካርዱን ከሥሯ አስገባን፣ ኃይሉን ሰካን፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ከላፕቶፔ በስሟ ጠርቻት ገባሁ። ከፊቴ የቆመው ለዓመታት የማውቀው ባዶ መስመር ነው፤ የሚጠብቀው ትእዛዝ ብቻ። ከዚያ "ፒንአውት" ብዬ ጻፍኩ። ተርሚናሉ ውስጥ፣ በፊደልና በምልክት ብቻ፣ የቦርዷ ሥዕል በቀለም ተሥሎ መጣ። የዩኤስቢው ቦታ እዚያ፣ የኔትወርኩ እዚህ፤ ከሥሩ አርባዎቹ ፒኖች ከነቁጥራቸውና ከነተግባራቸው ተዘርዝረዋል። ማሽኗ ገላዋን ራሷ ሥላ ባለቤቷን "እዚህ ጋ ንካኝ፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቅ" ስትል ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ልጅቷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆጠረች። ሁለቱ 5 ቮልት፣ ሁለቱ 3.3 ቮልት፣ ስምንቱ ግራውንድ፣ የቀሩት ሃያ ስምንቱ የሚታዘዙት ናቸው። ከእነሱም ሁለቱ ተጨማሪ ቦርድ ሲሰካ ማንነቱን እንዲናገር የተያዙ ስለሆኑ እንደልብ አይነኩም።

ኤልኢዲውን ከማብራታችን በፊት ኮልድሃምስ መንገድ አጠገብ ወዳለው የኮምፒውተር ታሪክ ማዕከል ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። ከውጭ ሲታይ መጋዘን ይመስላል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ውስጡ ግን ማሽኖቹ በመስታወት አልታጠሩም፤ ወንበር ስበህ ትቀመጥና ትጽፍባቸዋለህ። ከመካከላቸው አንዱ ቢቢሲ ማይክሮ ነው። እዚሁ ከተማ፣ ኤከርን የሚባለው ኩባንያ ሠርቶ በ1981 መጨረሻ ያወጣው፣ የብሪታንያን ትምህርት ቤቶች የሞላ፣ 32 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ የነበረው ማሽን ነው። በጎ ፈቃደኛ የሆነ አንድ አዛውንት ማሽኑን ቀና አድርጎ ሆዱን አሳየን። ከቁልፎቹ ሥር ረድፍ ሆነው የተደረደሩ መሰኪያዎች አሉ፤ አንደኛው የተጠቃሚ ፖርት ይባላል። ስምንት መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸውን ከፕሮግራም ውስጥ ማብራት፣ ማጥፋት፣ ማንበብ ይቻላል። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በ1982 ከዚያ ላይ ሞተርና የትራፊክ መብራት ያንቀሳቅስ ነበር።

እዚያ ቆሜ ነው የፒኖቹ ዘር የታየኝ። ቢቢሲ ማይክሮ ሞዴል ኤ እና ሞዴል ቢ ተብሎ ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ራስቤሪ ፓይዎችም ሞዴል ኤ እና ሞዴል ቢ ተባሉ፤ ክብር ለመስጠት ታስቦበት ነው። ዝምድናው ግን በስም ብቻ አይደለም። ኤከርን መጀመሪያ ላይ ቢሮው የነበረው ማርኬት ሂል በሚባለው የከተማዋ አደባባይ ነው፤ እኔ ቦርዷን ከገዛሁበት ሱቅ በእግር የደቂቃዎች መንገድ። እዚያው ኩባንያ ውስጥ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የራሳቸውን ፕሮሰሰር ሲነድፉ አርም የተባለው ቺፕ ተወለደ። በኤፕሪል 26 ቀን 1985 ከፋብሪካ መጥቶ ሰኩት፣ በመጀመሪያው ቀን ሠራ። ፈርበር የሚወስደውን ከረንት ሊለካ ሲሞክር መለኪያው ዜሮ አሳየው። ጉዱ ሲመረመር የቺፑ ዋና የኃይል መስመር ጭራሽ አልተገናኘም ነበር። ቺፑ ይሠራ የነበረው በሌሎቹ እግሮቹ፣ የመረጃ ምልክት በሚገባባቸው መስመሮች በኩል ሾልኮ በሚደርሰው ጥቂት ኃይል ነው። አዛውንቱ ይህን ሲተርክልን ድምፁ እንደ ትናንት ነገር ይሞቃል። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያ ቺፕ ዘር ነው፤ ራስቤሪ ፓይም እንዲሁ።

እዚያው ማዕከል ውስጥ ሜጋፕሮሰሰር አለ። ጄምስ ኒውማን የሚባል የካምብሪጅ መሐንዲስ አንድን ፕሮሰሰር በአንድ ቺፕ ፋንታ ነጠላ ትራንዚስተሮችን እየበየደ፣ ከ40,000 በላይ ትራንዚስተሮችና ከ10,000 በላይ ኤልኢዲዎች ደርድሮ፣ አሥር ሜትር የሚረዝምና ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ አድርጎ ሠራው። አንድ ትእዛዝ ከማህደሩ ሲነሳ፣ በመስመሩ ሲሄድ፣ ሲደመር፣ ውጤቱ ሲቀመጥ በመብራቶቹ ይታያል። የእህቴ ልጅ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየተራመደች መብራቱን ተከተለችው። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩት ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ሳየው መጽሐፎቼን እንደገና የማንበብ ፍላጎት አደረብኝ። ካምብሪጅ የሚሄድ ሰው ለአንድ ቀን ብቻ ጊዜ ካለው፣ ጀልባውን ትቶ እዚህ ይምጣ እላለሁ።

ማታ ወደ ጠረጴዛችን ተመለስን። ፒኖቹ ሁለት ዓይነት ቁጥር አላቸው። አንደኛው በቦርዱ ላይ የቆሙበት ተራ ነው፣ ከ1 እስከ 40፤ ሁለተኛው ቺፑ የሚያውቃቸው ቁጥር ነው። በተራ አሥራ አንደኛ የሆነችው ፒን ለቺፑ 17 ናት። አንድ ሰው የቤት ስምና የክርስትና ስም እንደሚኖረው መሆኑ ነው፤ ሽቦ ስትሰካ በቤት ስሟ፣ ፕሮግራም ስትጽፍ በክርስትና ስሟ ትጠራታለህ። የኤልኢዲውን ረጅም እግር በ330 ኦም ሬዚስተር በኩል ከአሥራ አንደኛዋ ጋር፣ አጭሩን እግር ከግራውንድ ጋር አገናኘን። ፒኗ ስትበራ የምታወጣው 3.3 ቮልት ነው፤ ቀዩ ኤልኢዲ ሁለት ቮልት ያህል ይወስዳል፤ የቀረው ሬዚስተሩ ላይ ሲያርፍ በመስመሩ የሚያልፈው አራት ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ሬዚስተሩ ከሌለ ኤልኢዲው የፈለገውን ይስባል፣ ፒኗም ትጎዳለች። ከሁሉም በላይ ግን አጠገባቸው ያሉትን ሁለቱን የ5 ቮልት ፒኖች ነው መፍራት፤ የሚታዘዙት ፒኖች የተሠሩት ለ3.3 ቮልት ስለሆነ 5 ቮልት ቢነካቸው ቺፑ ሊሞት ይችላል። ሽቦ ስንሰካ ኃይሉን ነቅለን ነው።

ፓይተንን ከፍተን ፒኖቹን የሚያዝዘውን፣ ጂፒአይኦ ዜሮ የተባለውን ላይብረሪ አስገባን። ፓይተን ሦስት በፕሮግራም ውስጥ ለሚሰጡ ስሞች የግእዝ ፊደልን ይቀበላል። ስለዚህ ፒን 17 ላይ ላለው ኤልኢዲ "መብራት" የሚል ስም ሰጠነው፤ በአማርኛ፣ በራሳችን ፊደል። ቀጥሎ "መብራት" ብላ ነጥብ አድርጋ "ኦን" ብላ የጻፈችው ልጅቷ ናት። ቁልፉን ስትጫን ቀዩ በራ። እህቴን ከሳሎን ጠራቻት፣ አጠፋችው፣ አበራችው፣ እንደገና አጠፋችው። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ያን ሥራ የደከሙበት ሰዎች ፊደላችን አንድ ቀን በካምብሪጅ ወጥ ቤት ውስጥ ኮረንቲ እንደሚያዝዝ ያስቡ ይሆን? እኔ ግን በዚያች ቅጽበት አመሰገንኳቸው።

እሷ መብራቷን ስታበራና ስታጠፋ እኔ በሌላ መስኮት የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን አስኳል፣ ሥራ አየሁ፤ ለእኔ የጉዞው እምብርት ይህ ነበር። ሊኑክስ ውስጥ ሃርድዌር በፋይል መልክ ነው የሚገለጠው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎልደር ውስጥ የፒኗን ቁጥር ትጽፋለህ፣ ለፒኗ የራሷ ፎልደር ይከፈታል፣ እዚያ ባለው ፋይል ላይ 1 ስትጽፍ ትበራለች፣ 0 ስትጽፍ ትጠፋለች። ውብ ነበር፤ ለማስተማርም ከዚያ የቀለለ አልነበረም። ጉድለቱ ባለቤት አለመኖሩ ነው። ፕሮግራሙ ቢሞትም ፒኗ በነበረችበት ትቀራለች፤ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ ቢነካትም የሚጠይቀው የለም። በሌላኛው ጫፍ ሞተር ወይም ማሞቂያ ካለ ይህ ያስፈራል። ስለዚህ በ2016 ከወጣው ከርነል 4.8 ጀምሮ ሌላ መንገድ መጣ። ፕሮግራሙ የቺፑን ፋይል ይከፍታል፣ የሚፈልገውን መስመር ይጠይቃል፣ ከርነሉ ይመዘግበዋል፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ መስመሩ ይለቀቃል። እኔም ሞከርኩት፤ ልጅቷ 17ን ይዛ ሳለ በሌላው መስኮት ያችኑ ፒን ላበራ ትእዛዝ ጻፍኩ። ከርነሉ "ተይዟል" ብሎ መለሰኝ። የመስመሮቹን ዝርዝር ስጠይቅ ከሃያ ስምንቱ መካከል እሷ የያዘችው ከነያዡ ስም ተጽፎ አየሁት። አሮጌው ቢናፍቀኝም ትክክሉ አዲሱ ነው።

ያን አርፒ ዋን የተባለውን ቺፕ እዚህ ላይ ነው የምመለስበት። ድሮ ብዙ ፕሮግራሞች ከርነሉን ሳይጠይቁ የፒኖቹን መቆጣጠሪያ በማህደሩ አድራሻ በቀጥታ ይነኩ ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ለዓመታትም ሠርቷል። አምስተኛዋ ትውልድ መጥታ ፒኖቹ ከዋናው ፕሮሰሰር ወጥተው ወደ አርፒ ዋን ሲዛወሩ ያ አድራሻ ባዶ ሆነ፣ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የፓይተን ላይብረሪም አብሮ ቆመ። ከርነሉን እየጠየቁ የተጻፉት ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህን ባየሁ ጊዜ ለዓመታት ደረቅ ሕግ ይመስለኝ የነበረው "ከርነሉን ጠይቅ" የሚለው ነገር ጥቅሙ ገባኝ። በነገራችን ላይ ሱፐር ዩዘር መሆንም አያስፈልግም፤ ተራው ተጠቃሚ ጂፒአይኦ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ስላለ ፒኖቹን ያለ ልዩ ፈቃድ ይነካል። ሊኑክስ የማይሆነው በማይክሮ ሰከንድ ለሚቆጠር ሥራ ነው፤ ብዙ ሥራ ስላለበት አልፎ አልፎ ይዘገያል፣ ለእንዲህ ያለው ማይክሮቢትን የመሰለ ትንሽ ቦርድ ይሻላል።

ሙቀት መለኪያዋን በሻንጣዬ ይዤ ነበር የመጣሁት። ዲኤስ18ቢ20 ትባላለች፤ በብረት ቀፎ ታሽጋ በሦስት ሽቦ ትመጣለች። ቀዩን ከ3.3 ቮልት፣ ጥቁሩን ከግራውንድ፣ ቢጫውን በተራ ሰባተኛ ከሆነችው ፒን 4 ጋር አገናኘሁ፤ በቢጫውና በቀዩ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አደረግሁ። "ራስፒ ኮንፊግ" በሚባለው የማስተካከያ ፕሮግራም ዋን ዋየር የሚለውን፣ መለኪያዋ በአንድ ሽቦ የምትነጋገርበትን መንገድ፣ ፈቅጄ ቦርዷን እንደገና አስነሳኋት። የብረቱን ጫፍ በመስኮቱ አሾልኬ ወደ ጓሮው ለቀቅሁት።

ሊኑክስ የዋን ዋየር መሣሪያዎችን በሚያሳይበት ፎልደር ውስጥ በ28 የሚጀምር ረጅም ስም ያለው አዲስ ፎልደር ተከፍቶ ጠበቀኝ። ያ ስም የእሷ ብቻ ነው፤ እያንዳንዷ መለኪያ ፋብሪካ ውስጥ በሌዘር የተጻፈባት የማይደገም ባለ 64 ቢት ቁጥር አላት። ፋይሉን ከፍቼ እንዲነበብልኝ አዘዝኩ። መልሱ ወዲያው አልመጣም። አንድ ሰከንድ የማይሞላ ዝምታ አለ፤ ለምን እንደሆነ ሳውቅ እጅግ ደስ አለኝ። ያ ቁጥር የትም ተቀምጦ አልነበረም። ፋይሉን ስትከፍት ከርነሉ በቢጫው ሽቦ ትእዛዝ ይልካል፣ ጓሮ ያለችው መለኪያ አሁን ትለካለች፣ ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጅባታል፣ ከዚያ ነው መልሱ የሚመጣው። ሁለት መስመር መጣ። የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ "የስ" ይላል፤ መረጃው በመንገድ ላይ አልተበላሸም ማለት ነው። ሁለተኛው በ9437 ያበቃል። 9.4 ዲግሪ፤ ከመስኮቱ ውጪ ያለው የካምብሪጅ ምሽት።

ልጅቷ ጓሮ ወጥታ ብረቱን በመዳፏ ጨበጠችው። ደጋግሜ አነበብኩ፤ 14፣ 19፣ 24 እያለ ወጣ። "አጎቴ፣ ስንት ሆነ?" እያለች በመስኮቱ ትጮሃለች፣ እኔ ቁጥሩን እየጮህኩ እነግራታለሁ፤ እህቴ ጎረቤቱን አታስቸግሩ እስክትል ድረስ። አንድ ነገር ለሚሞክረው ሰው ልንገር፤ መለኪያዋ ድንገት 85 ዲግሪ ካለች አትደንግጡ። ኃይል ተቋርጦባት እንደገና ስትነሳ፣ ከመለካቷ በፊት የምትይዘው ቁጥር እሱ ነው፤ ሽቦው ላልቷል ማለት ነው።

በቀጣዮቹ ቀናት ከሁሉም በላይ ያሰብኩት ስለ መብራት መጥፋት ነው። ካምብሪጅ ላይ ጉዳዩ አይነሳም። ይዣት በምመለስበት በአዲስ አበባ ግን ይህች ቦርድ ካርዷ ላይ እየጻፈች ሳለ መብራት ቢሄድ ፋይሎቿ ሊበላሹ፣ ጭራሽ ላትነሳም ትችላለች። መፍትሔው እዚያው "ራስፒ ኮንፊግ" ውስጥ አለ፤ ኦቨርሌይ የሚባለውን ስትፈቅድ ካርዱ የሚነበብ ብቻ ይሆናል፣ የሚጻፈው ሁሉ ራም ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዷ ልክ እንደነበረችው ትነሳለች። የሙቀቱን መዝገብ ግን በዚያ መንገድ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ራም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መዝገቡን ለብቻው በዩኤስቢ ፍላሽ ላይ፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ መስመር ብቻ እንዲጻፍ አደረግሁት፤ ሰዓቱና ዲግሪው፣ ሌላ ምንም። መስመሩ ተጽፎ ሲያልቅ ፋይሉ ወዲያው ይዘጋል። ቦርዷ ሰዓት የምትይዝበት የራሷ ክፍል አላት፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ እንዳይዛባ ግን ትንሽ ባትሪ ትፈልጋለች፣ እሱንም ለመግዛት ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

ሱቁ ስንሄድ ልጅቷ ሁለተኛ ቦርድ ለራሷ መረጠች፤ ዜሮ የምትባለውን፣ ከእኔዋ በጣም የምታንሰውን። ሁለተኛ መለኪያም አስገዛችኝ። ቤት ስንመለስ ሁለቱን መለኪያዎች በአንዱ ቢጫ ሽቦ ላይ ጎን ለጎን አገናኘናቸው፤ በ28 የሚጀምር ሁለተኛ ፎልደር ሳይጠሩት መጣ። ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ሆነው ቁጥራቸው ስለሚለያይ አይደባለቁም።

"የትኛው የማን ነው?" አለችኝ።

መጀመሪያ የገባው ቁጥር የእኔ፣ አዲሱ የእሷ እንዲሆን ተስማማን። የእኔዋ አዲስ አበባ ጣሪያዬ ሥር ትቀመጣለች፣ የእሷ እዚያው ጓሮ። የፋይሎቹ አጻጻፍ አንድ ዓይነት እንዲሆን ፕሮግራሙን ከእኔዋ ወደ ዜሮዋ ገለበጠችው። "መብራት" የሚለውን ስም እንዳለ ተወችው፤ ከሥሩ ግን "ጓሮ" የሚል አዲስ ስም ጨምራ መለኪያዋን ሰየመችበት። መዝገባችንን በየእሁዱ እንለዋወጣለን፤ የመጀመሪያውን የላከችው እሷ ናት።